መቀመጫውን ዝቅ ያደረግሁበት ክረምት

ሰኔ 2

ደብተሩ ባለቤቴ ጀምራ የተወችው ነው። ነጭ ገጽ ባክኖ ከሚቀር ብዬ እኔ ቀጠልኩበት። ፊደሌ ዶሮ የጫረው ይመስላል። ጽሕፈት የተማርኩት ጢም ካወጣሁ በኋላ ነው፤ የደንበኛ ስም በጠመኔ ለመጻፍ ያህል። ለማንም አይደለም የምጽፈው። ቤት ውስጥ የሚሰማኝ ስለሌለ ነው።

ሞተሩ ከመጣ ሁለተኛ ሳምንቱን ያዘ። ዕድሜዬን ሙሉ የመኪናና የሞተር መቀመጫ አልባሽ ነበርኩ። ሌላው የሚቀመጥበትን ስሰፋ ኖርኩ። ኮርቻ ሰፊው ፈረስ የለውም፣ እንዲሉ። የዚህ ሞተር ባለቤት መቀመጫውን ሊያስቀይር አምጥቶት፣ ሥራ ሩቅ አገር ወጣለትና ለኔ ተወልኝ። በነጻ አይደለም። የገዛሁበትን አልጽፍም፤ ልጄ ይህን ደብተር ካገኘችው ጣራውን ታነሳዋለች።

ጥቁር ነው። ሆዱ እንደ በሬ ሰፊ። ስታስነሳው መጀመሪያ አይጮኽም፤ ያጉረመርማል፣ ከእንቅልፉ እንደ ቀሰቀሱት አለቃ። ከዚያ ነው የሚናገረው። በከተማው ውስጥ ይህን የሚያህል ሌላ የለም። ጎረቤቴ ጡረተኛዋ፣ በሰፈሩ ጉዳይ ሁሉ ስለምትፈርድ ዳኛዋ የምንላት፣ በአጥሩ ብቅ ብላ፣ «ጋሼ፣ ብርጭቆዎቼ ከመደርደሪያው ወርደው ሊሄዱ ነው» አለችኝ።

ደስ አለኝ።

ሰኔ 5

ፍንጭት ደወለች። የልጅ ልጄ ናት፤ ፊት ጥርሷ መሐል በር አላትና ከሕፃንነቷ ጀምሮ እንዲያ ነው የምጠራት። ነርስነቷን ጨርሳለች። ሐምሌ 12 ትመረቃለች። ትምህርት ቤቷ ከተራራው ማዶ ነው።

«በምን ትመጣለህ አያቴ?»

«በሞተሬ ነዋ! ከበሩ ላይ ከነካባሽ አንስቼ፣ ከኋላዬ አስቀምጬ ነው ይዤሽ የምመጣው።»

ስልኩ ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ፣ «እሺ! ለጓደኞቼ በሙሉ ነው የምናገረው!» ብላ ጮኸች።

ዝም ያለው መስመሩ ነው። የተራራው ኔትወርክ ድሮም ደካማ ነው።

ሰኔ 8

አንድ ነገር አለ። ሞተሩ ላይ ስቀመጥ መሬት የሚነካው የአውራ ጣቴ ጫፍ ብቻ ነው።

ስሕተቱ የመቀመጫው ነው። የሠሩት ሰዎች የለኩት ለቀጭኔ ነው። እኔ ረጅም ነኝ አላልኩም፣ አጭርም አይደለሁም። (ሱሪዬ ዘንድሮ መሬት ይጠርጋል። ጨርቁ ተለጥጦ ይሆናል።)

መቀመጫውን ፈትቼ ቆዳውን ገፈፍኩና ስፖንጁን ሁለት ጣት ያህል ላጨሁት። ቢላዋዬ አሁንም ይታዘዘኛል።

ሰኔ 11

ልጄ መጣች፣ የፍንጭት እናት። የከብት ሐኪም ናት። የመሥሪያ ቤቷን ትንሽ ሞተር ይዛ፣ የክትባቱን ሣጥን ከኋላ አስራ፣ በየገጠሩ ስትዞር ትውላለች። ያቺን ሞተር ፌንጣ ነው የምላት። ስትነሳ የልብስ ስፌት መኪና ነው የምትመስለው።

ትልቁን ዞራ ዞራ አየችው። ጎማውን በእግሯ ነካ ነካ አደረገች።

«አባዬ፣ እስቲ ከመቆሚያው አንሳና ወደ ኋላ ግፋው።»

«ለምን? ወደ ኋላ አልሄድ።»

«ሲነዱት ሁሉም ጀግና ነው። ትልቅ ሞተር የሚከብደው ቆሞ ነው።»

«ምሳ ቀርቧል።»

«ምሳው ይጠብቃል።»

«እኔ አልጠብቅም» ብዬ ገባሁ።

እየበላን ሳለ ቀና ሳትል፣ «ፍንጭትን ከኋላዬ አሳፍራለሁ ብለሃል አሉ» አለች።

«ብያለሁ።»

«በዚህ ዝናብ? በዚያ ተራራ?»

«ቃሌን ሰጥቻለሁ። ቃሌን አጥፌ አላውቅም።»

«እናቴን ዋና አስተምርሻለሁ ብለሃት አልነበር?»

«እሱ ቃል አይደለም። ጨዋታ ነበር።»

ሳህኖቹን ሰበሰበች። ስትሄድ በሩ ላይ ፌንጣዋን አቁማ ግራ ቀኝ አየች፤ ሁለት እግሯ ሙሉ በሙሉ መሬት ላይ ነው፣ እንደ ተተከለ ግንድ። ረጅም ናት። በእናቷ ወጥታ።

ሰኔ 13፣ እሑድ ማታ

ዛሬ ነዳሁት። በደንብ።

ሰው ሳይነሳ ወጣሁ። ከከተማው ውጪ፣ ድንጋይ ከሚፈልጡበት ወዲያ ያለው አስፋልት ቀጥ ያለ ነው። ሁለተኛ ማርሽ። ሦስተኛ። እጄን ትንሽ፣ የሰው ትከሻ መታ እንደማድረግ ያህል ትንሽ፣ ጠምዘዝ አደረግሁት። ኧረ ጉድ! መሬቱ ከሥሬ ተሳበ። አንጀቴ ኋላ ቀረ። ዛፎቹ ዛፍነታቸው ቀርቶ ከጥቅሉ እንደሚተረተር አረንጓዴ ጨርቅ ሆኑ። ጉልበቴ አያመኝም። ወገቤ አያመኝም። ያን ጊዜ ዕድሜህ ስንት ነው ያለኝ ሰው ቢኖር ይጠፋብኝ ነበር።

ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ቤቱ ውስጥ አንድ ድምፅ አለ። የሰዓቱ አይደለም፣ የቧንቧውም አይደለም። ባዶ ቤት ራሱ የሚያወጣው ነው። ዛሬ ጠፋልኝ። ነፋሱ ዓይኔን አስለቀሰኝ። ነፋሱ ነው።

ደግሞ ገና መጀመሩ ነበር። ያልነካሁት ጉልበት ከእጄ ሥር እንዳለ ያወቅሁት እዚያ ነው። ኮርማ በገመድ እንደ መያዝ ነው። ኮርማው ፈቅዶ ነው እንጂ የሚከተልህ፣ ገመዱማ ምን አቅም አለው።

ስመለስ መስቀለኛው ላይ ቀይ በራ። ቆምኩ። ማለት ልቆም ነበር። ወደ ግራ አዘነበለ፤ ጣቴ መሬቱን ፈለገው፣ መሬቱ አልተገኘም። ዳቦ ይዞ የሚያልፍ አንድ ሰው መሪውን ያዝ አደረገልኝ። እኔ አልጠራሁትም።

«አይዞዎት አባት» አለኝ።

አይዞዎት! ምን ሆንኩና? ሳላመሰግነው ሄድኩ። ማታውን ሙሉ እሱ ቅር ሲለኝ አመሸ። ዳቦው እርጥብ አስፋልት ላይ ወድቆበት ነበር።

ነገ ስፖንጁን ትንሽ እቀንሳለሁ።

ሰኔ 17

ዝናብ። ማርሚታው፣ የጋለው የጭስ ማውጫ፣ ባቴን ላሰኝ። ቆዳው ተነሳ። ሳነክስ ዳኛዋ አየችኝ።

«ምን ሆኑ ጋሼ?»

«ካውያ ነው።»

«ባትዎን ነው እንዴ የሚተኩሱት?»

ቅባት ይዛ መጣች። ሳቋን እስክትጨርስ ቆሜ ጠበቅሁ። ቅባቱ ያስፈልገኝ ነበር።

ሰኔ 20

የማዕዘኑ ጎሚስታ ጎማ ብቻ አይደለም የሚሠራው፣ ሞተርም ይነካካል። ምላሱ ከመርፌዬ ይሾላል። ንፋስ ልሞላ ብሄድ የቤንዚኑን ክዳን ከፍቶ አጮለቀ።

«አባባ፣ በየቀኑ እያስነሱ ይወጣሉ፣ ሰፈሩን ያነቃንቁታል። ይሄ ቤንዚን ግን እምብዛም አይጎድል። ምንድነው የሚጠጣው፣ ጸሎት?»

«ቆጣቢ ነው።»

«ይሄ ቆጣቢ ከሆነ እኔ ጳጳስ ነኝ።»

እዚያ የቆሙት ሁሉ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፣ በጥርሴ።

ከዚያ እሑድ ወዲህ የምሄደው እስከ እንጨት መጋዘኑ ጀርባ ነው። እዚያ አጠፋውና ግንድ ላይ ቁጭ እላለሁ፣ ሩቅ ደርሶ የመጣ ሰው ያህል እስክቆይ። አዲስ ቤት የገባ ሞተር ቀስ በቀስ ሲለማመድ ነው ጥሩ። ለሱ ብዬ ነው።

ሰኔ 24

ሞተሩ ተኛ። እኔም አብሬው።

ማታ። ይሄ ይታወቅልኝ፤ ግቢ ውስጥ ነው፣ መንገድ ላይ አይደለም። ጭቃ ነበር። ከመቆሚያው ሳነሳው እግሬ አዳለጠኝና፣ ቀስ ብሎ፣ በጨዋ ደንብ፣ ላም እንደምትተኛ ላዬ ላይ ተኛ። ቁርጭምጭሚቴ ከሥሩ ቀረ። አልጮኽኩም። ሰማዩን አየሁ። ጠቁሯል። ቆይቶ ፊቴ ላይ መዝነብ ጀመረ።

ዳኛዋ በአጥሩ ብቅ አለች።

«ጋሼ፣ መሬት ላይ ምን ይፈልጋሉ?»

«ብሎን ወድቆብኝ ነው።»

«አገኙት?»

«ገና።»

«ሞተሩ ላይዎ ላይ ወጥቶ ነው የሚያፋልግዎት?»

ተከራይዋን፣ በያጁን፣ ጠርታ መጣች። ሦስት ሆነን አነሳነው። ማለት ሁለቱ አነሱት። በያጁ ወጣት ነው፣ ክንዱ እንደ ምሰሶ ነው፤ እሱም እንኳ አቃሰተ። «ስንት ኪሎ ነው ባካችሁ?» አለ። አውቀዋለሁ። አልነገርኩትም።

«ለልጄ እንዳትነግሪ» አልኳት ዳኛዋን።

«እኔ ምን አገባኝ» አለች። ፊቷ ግን በደንብ እንደሚያገባት ነበር።

«በሬ ሆይ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ» ትል ነበር ባለቤቴ። ስለ በሬ የምታወራ ይመስለኝ ነበር።

ሰኔ 25

እግሬ አበጠ። ጫማ አልገባም አለ። ሞተሩ ምንም አልሆነ። ጭረት እንኳ የለውም። ነውረኛ።

ሰኔ 29

ችግሩ ከፍታው ነው እንጂ ሌላ አይደለም። ዛሬ ስፖንጁን በሙሉ አወጣሁት። አንድ ስስ ንጣፍ ብቻ ትቼ ቆዳውን መልሼ ወጥሬ ሰፋሁት። ከላይ ላየው ሰው ምንም አይታወቅም፣ ስፌቱ እንደ ፋብሪካ ነው። የተቀመጥኩት ግን ቆርቆሮ ላይ ነው። የጭራ አጥንቴ ይመሰክራል። ዕድሜዬን ሙሉ ደንበኛውን፣ «መጀመሪያ ምቾት ነው» ስል የኖርኩ ሰው።

ተረከዜ መሬት ለመንካት የጣት ያህል ቀረው።

ሐምሌ 1

ልጄ መጣች። ምሳ ላይ ትራስ ደርቤ መቀመጤን አየች።

«ኩላሊቴ ነው» አልኩ።

የላምም ሆነ የሰው፣ ኩላሊት የት እንዳለ ታውቃለች። እንጀራ ጨመረችልኝ።

ከምሳ በኋላ ዝናቡ አባራ። ቁልፉን ከምስማሩ ላይ አንስታ፣ «ልንዳው?» አለች። እንቢ የምል መስሏታል። «ንጂው» አልኳት፤ የምትፈራ መስሎኝ። አስነስታ ወጣች። ድምፁ እየራቀ፣ እየራቀ ሄደ፤ ከዚያ ጠፋ። በሩን ይዤ ቆምኩ። የክረምት ነፋስ እንዲህ ይበርዳል እንዴ? ካፖርቴን ደርቤ ተመልሼ ቆምኩ።

ስትመለስ ሄልሜቷን አወለቀች። ፊቷ ልጅ ሳለች ከዥዋዥዌ ስትወርድ የነበረው ፊት ነው። ዓይኗ ውሃ ሞልቷል።

«አባዬ! ይሄ ነገር ያሰክራል!»

«አላልኩሽም?»

«ኧረ እንዴት ያለ ነው… አራተኛ እንኳ አላስገባሁም እኮ!» ሳቀች። ከዚያ ሳቋን አቆመች። «አሁን ነው በደንብ የፈራሁት። የኔዋ ስሳሳት ታስጠነቅቀኛለች። ትንገጫገጫለች፣ ትጮኻለች። ይሄ አይናገርም። መሳሳትህን የምታውቀው ካለቀ በኋላ ነው።» ወደ መቀመጫው ዞር ብላ ደግሞ፣ «ይሄን ምን አድርገኸው ነው? ጉልበቴ ጆሮዬ ደረሰ» አለች።

«አሻሻልኩት።»

ልትሄድ ስትል ፌንጣዋ ላይ ተቀምጣ፣ «ፍንጭት ትልቅ ሰው ሆናለች፤ አትውጪ አልላትም። አንተንም አትንዳ አልልህም፣ አትሰማኝም። ብቻ ከኋላህ ተቀምጣ ወገብህን ስትይዝህ ሆድህ የሚልህን ስማው» አለች።

ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ለቁጣ መልስ አለኝ።

ሐምሌ 5

ሰው ከኋላ አስቀምጦ መንዳት ልምምድ ይፈልጋል። ማንንም መለመን አልፈለግሁም። ፍንጭትን ያህላል ብዬ የገመትኩትን አሸዋ ጆንያ ሞልቼ ከኋላዬ አሰርኩት።

የመጋዘኑ ጀርባ መታጠፊያ እርጥብ ነበር። ቀስ ብዬ ነበር። የኋላው ክብደት ገፋኝና ልቀንስ ብዬ ጨመርኩ መሰለኝ። ዘሎ ሄደ። ያዝኩት፤ አልወደቅሁም። ቆሜ ዞር ስል ከኋላዬ ማንም የለም።

ጆንያው አስፋልቱ ላይ ተቀድዶ ተኝቷል። አሸዋው ፈሷል። ጎርፉ እየጠረገ ይወስደዋል።

ግንዱ ላይ ተቀምጬ አየሁት።

ገመዱ አሮጌ ነበር። ጆንያ ደግሞ እጅ የለውም፤ ሰው ቢሆን ወገቤን ይይዝ ነበር።

እራት አልበላሁም።

ሐምሌ 6

ጎሚስታውና አንድ ደንበኛው ከተከመረው ጎማ ወዲያ ሆነው ሲያወሩ ደረስኩ።

«ሽማግሌው ሞታቸውን አስነስተው ነው የሚዞሩት።»

«ብቻቸውን ቢሆን ምን ቸገረ። ልጅቷን ይዘው ነው እንጂ።»

አሳልኩ። ዞሩ። ጎሚስታው ፊቱ ቀላ። ምላሱ ለመጀመሪያ ጊዜ አጠረበት። «አባባ፣ ንፋስ ልሙላልዎት?»

አያስፈልግም አልኩት።

ድሮ ቢሆን አንገቱን እይዘው ነበር። ዛሬ ግን የተናገረው እሱ ይሁን እኔ አልለይልህ አለኝ።

ሐምሌ 9

ቀኑን ሙሉ ዝናብ። ሬዲዮው የተራራው መንገድ በናዳ ሊዘጋ ይችላል አለ። ድምፁን ከፍ አደረግሁት። «ሊዘጋ ይችላል» ነው ያለው፤ «ተዘግቷል» አላለም። ምናለ ቁርጡን ቢናገሩ?

ፍንጭት ደወለች። «አያቴ፣ እዚህ ዝናቡ በጣም ከባድ ነው። ካልተመቸህ… ማለቴ ለአንተ ብዬ ነው…»

«ዝናብ ምን ያደርገኛል? ጨው ነኝ?»

«አይ… እሺ» አለች።

ምን ነበር እሺ ብላት።

ከመቀመጫው ሥር፣ ቆርቆሮው ላይ፣ አራት ወፋፍራም የጎማ እግሮች አሉ። ዛሬ እነሱንም ነቀልኳቸው። ያቺን የቀረችኝን ጣት ሰጡኝ። ተቀመጥኩ። ሁለቱም ተረከዜ፣ ሙሉ ተረከዜ፣ መሬት ነካ! ብቻዬን አጨበጨብኩ።

ትንሽ የተቃጠለ ነገር ይሸታል። የዳኛዋ ድስት ነው።

ሐምሌ 11

ልብ ብዬ ልጻፈው።

ጠዋት ተነሳሁ። ልጄ ትናንት በአውቶቡስ ቀድማኝ ወደ ፍንጭት ሄዳለች። ዝናቡ ለጊዜው አቁሟል፤ መንገዱም አልተዘጋም። ካፖርቴን ደረብኩ፣ ሻንጣዬን በጀርባዬ አዘልኩ፣ ለፍንጭት የገዛሁትን ሄልሜት መሪው ላይ አንጠለጠልኩ። ሌሊቱን ዓይኔ አልተከደነም። አልታመምኩም፤ ቁልፉን ግን ሁለት ጊዜ ከኪሴ አውጥቼ ሁለት ጊዜ መለስኩት።

ዳኛዋ ወጣች። በያጁ ወጣ። ጎሚስታውም ሱቁን ትቶ መጣ። ማንም አልቀለደም። እሱ ነው ያስፈራኝ። ሰው ሲሸኙ እንደዚያ ዝም አይሉም።

ቆሜ አስነሳሁት። አጉረመረመ። ተቀመጥኩ። ጠፋ።

ተነስቼ አስነሳሁት። ተነሳ። ተቀመጥኩ። ጠፋ።

«አባባን አልሸከምም እያለ ነው» አለ ጎሚስታው፣ ቀስ ብሎ።

በሦስተኛው ተናድጄ ከነሻንጣዬ ዘፍ አልኩበት። ጠሽ አለ። ከዚያ ከሥሬ ጭስ ወጣ።

«ጋሼ! ከሥርዎ እየጨሰ ነው!» ዳኛዋ ጮኸች። «ሞተሩ ነው ወይስ እርስዎ ነዎት?»

በዚህ ዕድሜዬ እንደዚያ መዝለል እንደምችል አላውቅም ነበር። ጎሚስታው ሮጦ መቀመጫውን ነቀለው። የባትሪው ራስ ጠቁሯል፣ ሽፋኑ እንደ ሻማ ቀልጧል። የመቀመጫው ቆርቆሮ ባትሪውን በነካበት ላይ ተቃጥሎ ሳንቲም የሚያህል ጥቁር ምልክት ወጥቶበታል።

«አሃ! ቆርቆሮው ባትሪው ላይ አርፎ ነው። በተቀመጡ ቁጥር ያገናኘዋል። እዚህ ሥር አራት ጎማዎች ነበሩ እኮ፤ ከፍ አድርገው የሚይዙት። ማነው የነቀላቸው?»

ሁሉም ሱሪዬን ያያሉ፣ ታችኛውን ጫፍ፣ መሬት የሚጠርገውን። መቀመጫ በመሥራት ፀጉሬን ያሸበትኩ ሰውዬ!

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«ተራራው ላይ፣ መታጠፊያው ላይ ቢሆን ኖሮ…» ብሎ ጀመረና ዋጠው። «ግድ የለም፣ ቀላል ነው። ፊውዝ እቀይራለሁ፣ ጎማዎቹን መልሼ አስገባለሁ። እስከ ረፋድ ይደርሳል። መቀመጫው ብቻ ትንሽ ከፍ ይልብዎታል።»

ይህን ሲል እግሬን አላየም። ጨዋ ልጅ ነው።

ቤት ገባሁ። ስልኩን አነሳሁ። ምክንያቱ በእጄ ነበር፤ ያማረ፣ በእውነት የተመሠረተ ምክንያት፤ ሞተሩ ተበላሸ። ምስክሮችም አሉኝ። ግን አሰብኩት። ተበላሸ ብላት፣ «ግድ የለም፣ ሲጠገን» ትለኛለች። ሲጠገን ደግሞ ያው ቃሌ አለ፣ ያው ተራራ አለ። ጆንያውም አለ።

«አያቴ! ተነሳህ እንዴ?» አለች።

«ፍንጭት፣ ሞተሩ…» አልኩ።

«ምን ሆነ?»

«ሞተሩ ደህና ነው። ረፋድ ላይ ይጠገናል። እኔ ነኝ። አንቺን ከኋላዬ አስቀምጬ መንዳት ፈራሁ።»

ይህን ቃል ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። ሰማዩ የሚደፋብኝ መስሎኝ ጣራውን አየሁ።

አልተደፋም። ከዚያ ልቅሶ ይሁን ሳቅ ያለየለት ነገር ሰማሁ።

«አያቴ፣ እኔም እኮ ፈርቼ ነበር! ሰኔን ሙሉ፣ በየቀኑ መንገዱ ይዘጋ ይሆናል እያልኩ ዜና ስሰማ…»

«ታዲያ ለምን አትናገሪም?»

«ታዲያ አንተስ ለምን አትናገርም?»

«አንቺ ለጓደኞችሽ ሁሉ አውርተሻል ብዬ።»

«አንተ ቅር ይልሃል ብዬ ነው እንጂ እኔ ለማንም አላወራሁም!»

ከኋላዋ የልጄ ድምፅ ተሰማኝ፤ «ምን አለ? ምን አለ?» ስትል። ፍንጭት ነገረቻት መሰለኝ። ከዚያ ወንበር ሲሳብ ሰማሁ። ልጄ ቁጭ ስትል ይሆናል። እኔም ቁጭ አልኩ። ትራስ አልፈለግሁም።

ወጥቼ ጎሚስታውን፣ «አትቸኩል፣ በአውቶቡስ ነው የምሄደው» አልኩት። በያጁ የያዘውን ትንፋሽ ሲለቀው ተሰማኝ። ዳኛዋ፣ «ተመስገን! ብርጭቆዎቼም ይተርፋሉ» ብላ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። ለብርጭቆ የሚያለቅስ ሰው ያየሁት ዛሬ ነው።

ሐምሌ 13

ትናንት ተመረቀች። ዝናብ ነበር። በሩ ላይ በጥላ ሥር ቆሜ ጠበቅኋት። ካባው ረዝሞባት ረግጣው ልትወድቅ ስትል ሮጬ ያዝኳት። እንኳን በእግሬ ሆንኩ።

«ለማንም አላወራሁም» ያለችኝ ውሸቷን ነው። ሦስት ጓደኞቿ ከበቡኝ።

«አባባ፣ ሞተሩስ የታለ?» አለች አንዷ።

ልጄ አየችኝ። ፍንጭት መሬት መሬት አየች።

«ፈርቼው ቤት ተውኩት» አልኳቸው። «ፈሪ ለእናቱ ይባላል፤ እኔ ደግሞ ለልጅ ልጄ ገባሁላት።»

እንዴት እንደሳቁ! ቀልድ መስሏቸው ነው። ሁለተኛ ስለው ከመጀመሪያው ቀለለኝ። ማታ እራት ላይ አስተናጋጁን ሳይቀር ነገርኩት። ልጄ፣ «አባዬ፣ ይበቃል፣ ልትለምደው ነው» አለችኝ።

ሞተሩን በያጁ ይፈልገዋል። ረጅም ነው፣ ጉልበቱም ይችለዋል። እኔ ግን እንዲህ አድርጌ አልሰጥም፤ መጀመሪያ መቀመጫውን ከነሙሉ ስፖንጁ አዲስ አድርጌ እሰፋለታለሁ። ቅር አይልህም ወይ? ይለኛል ልቤ። ያቺን እሑድ ማን ይወስድብኛል?

ይህን የምጽፈው አውቶቡስ ውስጥ ነው፣ ፊደሌ የባሰ የጠመመው ለዚያ ነው። ልጄ ከፊት ተቀምጣ ከሹፌሩ ረዳት ጋር ስለ ላም በሽታ ታወራለች። ፍንጭት አጠገቤ ናት፤ እንቅልፍ ይዟት ሄዶ ራሷ ትከሻዬ ላይ ወድቋል። አፏን ከፍታለች፣ የጥርሷ በር ይታያል። ተራራው መታጠፊያ ላይ ደርሰናል። በመስኮቱ ገደሉ ይታየኛል፤ ታች ጉም ሞልቶበታል። አስፋልቱ ላይ ውሃ ይወርዳል። አውቶቡሱ ሲያዘነብል ቀኝ እጄ ጉልበቴ ላይ ጥምዝዝ ብሎ ፍጥነት ሊቀንስ ሞከረ። ያዝኩት።

ተው አልኩት። ሹፌሩ ይጨነቅ። እኔም ትንሽ ልተኛ ነው።